ላይኛው ሰፈር ያልገባው ቆጣሪ

ስልኩ ሲጮህ ልብስ ሰፊዋ በከንፈሯ መሃል ስፒል ደርድራ የደንበኛ ቀሚስ ጠርዝ እያጠፈች ነበር። ስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥታ ጨርቁ ላይ እስክትሰካ ድረስ ጠርቶ ቆመ፤ ወዲያው ደግሞ ጀመረ። ማን እንደሆነ አየችና ወደ አልጋው ዞረች። አልጋው ጠርዝ ላይ ታናሽ እህቷ እርጥብ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አሳየቻትና ስልኩን አነሳችው።

«እንዴት አደርሽ እትዬ» አለ የእህቷ ባል።

ዘመድ ሁሉ ይህንን ሰው «ለስላሳው» ነው የሚለው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማው የለም። ሠርጉ ላይ አክስታቸው ፊቱን ስታጠና ቆይታ «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» ብላ ነበር። በሠርግ ቀን እንዲህ ይባላል ወይ ተብላ በክርን ተጎሰመችና ዝም አለች።

«ደህና፣ እግዜር ይመስገን። በጠዋቱ ምነው?»

«ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው። ያቺ ልጅ የገባችበት አልታወቀም። አንቺስ ወሬ የለሽም?»

«እኔ ጋ ምን ወሬ ይመጣል? ባሏ አንተ፤ ወሬው ካንተ ነው የሚጠበቀው።»

ፈገግ ማለቱ በስልክ ያስታውቃል። «ልክ ነሽ። እንግዳ ግን አለሽ እንዴ?»

«የምን እንግዳ?»

«አይ፣ ብቻሽን የምትኖሪ ሰው ጎህ ሲቀድ ሁለት ጊዜ ገላሽን ስትታጠቢ ገርሞኝ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ እህቷን ላለማየት ዓይኗን ስፌት መኪናው ላይ ተከለች። «ጨርቅ ነክሬ ነው» አለች። ክፉ ውሸት አልነበረም። አዲስ ጨርቅ ሳይነከር ከተሰፋ መጀመሪያ የታጠበ ዕለት ይሰበሰብና ለባለቤቱ ሳይሆን ለልጁ ይሆናል።

«ጨርቅ» አለ ለስላሳው፣ ቃሉን እንደ ከረሜላ በአፉ እያገላበጠ። «ጨርቅ ግን ውሃ ይቆጥባል እንዴ እትዬ? ትንሽ ከፈት፣ ዘጋ። ቆየት ብሎ ደግሞ ከፈት፣ ዘጋ። እንደዚህ የሚታጠብ ሰው እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው።»

«ቧንቧው ይሆናላ። ከተበላሸ ሰንብቷል።»

«ከተበላሸማ መጥቼ አየዋለሁ። ሥራዬ አይደል? በይ ደህና ዋይ።»

ስልኩ ተዘጋ። ታናሿ ምንም አልሰማችም፤ የእህቷን ፊት ግን አይታለች። «አወቀ አይደል?» አለች። «ማን ነገረው? ጎረቤት ነው?»

«ጎረቤት አይደለም። አንቺው ነሽ የነገርሽው» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ በጣቷም ወደ ደጁ አመለከተች።

ደጁ ላይ፣ ከበሩ ጎን፣ አዲሱ ቆጣሪ አለ። ነጭ ነው፤ ከሕፃን ጭንቅላት አይበልጥም። ባለፈው በጋ ታችኛው ሰፈር በሞላ ተተከለ። የውሃ መሥሪያ ቤት ሰዎች በስብሰባ ላይ ፍትሐዊ ክፍፍል የሚባል ነገር ነው ያስረዱት፤ ለየቤቱ በቀን እኩል ውሃ ይደርሳል፣ የደረሰው ሲያልቅ ቆጣሪው ራሱ ይዘጋል፣ ሲነጋ ይከፍታል። ስብሰባው ላይ አንዲት ጎረቤት፣ ልጆቿ ከመብዛታቸው የተነሳ በስማቸው ስትጠራቸው የምታምታታ ሴት፣ እጇን አውጥታ «እኩል ያላችሁት ለቤት ነው ለአፍ?» ብላ ጠየቀች። ለቤት ነው ተባለች። ከዚያ ወዲህ ሰፈርተኛው ክፍፍሉን በራሱ መንገድ ያቃናዋል፤ ብቸኛ የሆነ ሰው ማታ ማታ ለባለ ብዙ ልጅ ጎረቤቱ ጀሪካን ይሞላል። ልብስ ሰፊዋም ለዚያች ሴት ስትሞላ ነው የከረመችው። ስለዚህ እህቷ ከመጣች ወዲህ ቤቷ የሚፈጀው ውሃ ብዛቱ አላሳበቀም። ያሳበቀው አኳኋኑ ነው። ቆጣሪው የፈሰሰውን ብቻ አይደለም የሚልከው፤ መቼ እንደተከፈተና መቼ እንደተዘጋም ይልካል። መልእክቱ የሚደርሰው ደግሞ ስክሪን ከተደረደረበት ክፍል ነው። ለስላሳው እዚያ ነው የሚሠራው።

«እኔ እኮ ቆጥቤ ነው የታጠብኩት» አለች ታናሿ፣ ፎጣውን ከራሷ እየፈታች። «ላንቺ ብዬ።»

«አውቃለሁ።»

«ተከፍቶ ቢቀር ኖሮ አያውቀኝም ነበር ማለት ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ፎጣውን ተቀብላ አሰጣችው። እህቷ ከባሏ ቤት የወጣችው አንዲት ቦርሳ ይዛ ነው፤ ምን ሆንሽ ብትባል ለቀናት አልተናገረችም ነበር። የተናገረችው አንድ ማታ ሰሃን እያደራረቀች ሳለች፣ ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ይመስል ነው። አይሰድበኝም፣ አይመታኝም አለች። ሲከፋው ቢሮ ገብቶ ውሃውን ይዘጋብኛል። መጀመሪያ ብልሽት መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን በተኳረፍን ቁጥር ሆነ። አንዴማ ሳሙና እንደተቀባሁ ተዘጋ። ዓይኔ እየተቃጠለ ስልክ ደወልኩለት። «ይቅርታ በይ፣ ይመጣል» አለኝ። አልኩት፤ መጣ። መሥሪያ ቤቱ ሄጄ በመስኮት ብናገር ቤቱ በማን ስም ነው አሉኝ። በእሱ ስም ነው። እንግዲያው ባለቤቱ ይምጣና ያመልክት አሉኝ።

ያንን ሰምታ ልብስ ሰፊዋ በሳቅና በለቅሶ መሃል ቀርታ ነበር።

አሁን ግን የሥራ ቀን ነውና ወደ ቀሚሱ ተመለሰች። ጠርዙን አጥፋ ስትጨርስ ካውያውን ሰካች፤ ጨርቁ ላይ የምትረጨው ውሃ ልትቀዳ ቧንቧውን ከፈተች። ቧንቧው እንደ ሽማግሌ አንዴ ሳል አለና ዝም አለ። ወጥታ በአጥሩ ላይ ወደ ጎረቤት ተመለከተች። የባለ ብዙ ልጆቿ ቧንቧ ባልዲ ውስጥ እየተንዶቀዶቀ ነው።

«ያንቺ አለ?» አለቻት።

«አለ እንጂ። ያንቺስ?»

«የለም።»

«በጠዋቱ? ጨርሰሽው ነው?» ጎረቤቷ ባልዲውን ትታ ተጠጋች። «አንድ ሰው ምን ታደርጊዋለሽ ቆይ፣ ዋና ትለማመጃለሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ለመሳቅ ሞከረች። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። መልእክት ነው፤ «ውሃ ሄደብሽ እንዴ እትዬ? አይዞሽ፣ ከሥራ ስወጣ መጥቼ አየዋለሁ» ይላል።

ተመልሳ ገባች። «ተነሽ፣ ልበሺ» አለቻት እህቷን። «ጫማሽን አድርጊ። ቀሚሱን አንቺ ትይዢዋለሽ። ማናት የሚል ከመጣ ተለማማጄ ነሽ።»

«የት ነው?»

«ቆጣሪው የማያይበት።»

አውቶቡሱ ዳገቱን ሲወጣ ታናሿ የቀሚሱን ከረጢት ደረቷ ላይ አቅፋ በመስኮቱ አጠገብ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። በየፌርማታው የሚሳፈረውን ሰው ሁሉ ልብስ ሰፊዋ ከጫማው ጀምራ አየችው። ለስላሳው ጫማው ሁልጊዜ ያበራል።

ላይኛው ሰፈር አዲሱ ቆጣሪ የለም። እዚያ ያለው አሮጌው ነው፤ የብረት ክዳን ያለው፣ መስታወቱ አቧራ የጠጣ። ቆጣሪ አንባቢው በየወሩ መጨረሻ ይመጣል፤ ውሻ ከጮኸበት ደግሞ በሌላ ቀን እመለሳለሁ ብሎ ይሄዳል። ለምን እንደዚህ እንደሆነ ልብስ ሰፊዋ ታውቃለች። የነገሯት ደንበኛዋ ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ዳኛዋ» የሚላቸው ጡረተኛ። ያን ጊዜ እጅጌያቸውን እየለካች ነበር። መሥሪያ ቤቱ አዲሱን ቆጣሪ ልትከል ሲል የሰፈሩ ነዋሪዎች ፈርመው ተቃወሙ፤ ጽሑፉን ያዘጋጁት ዳኛዋ ናቸው። በቤታችን ውስጥ የምንኖረው ኑሮ ለማንም አይገለጥም የሚል ነበር። ወዲያው ተቀባይነት አገኘ። ዳኛዋ ይህንን ሲያወሩ ክንዳቸውን ዘርግተው በኩራት ቆመው ነበር፤ ልብስ ሰፊዋም «ጎሽ» ብላ ልክ መውሰዷን ቀጠለች። ምን ልትል ኖሯል?

ዳኛዋ በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ቀሚሱን ተቀብለው ታናሿን ከላይ እስከ ታች አዩአት።

«እሷ ማን ናት?»

«ተለማማጄ ናት።»

«ተለማማጅ እንዲህ አትንቀጠቀጥም። ልብስ ልትሰፋ የመጣች ሳይሆን ልትሰቀል የመጣች ነው የምትመስለው። ግቡና እውነቱን ንገሩኝ።»

ነገሯቸው። በአብዛኛው የተናገረችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ዳኛዋ መሃል ላይ ሳያቋርጡ አዳመጡ፤ ሲያልቅ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ይህ በሕግ ያስጠይቀዋል። በሥራው ያገኘውን ለግል ጉዳዩ ማዋል ቀላል ነገር አይደለም። ግን ማየቱን ማን ያረጋግጣል?»

«በስልክ ነግሮኛል እኮ!»

«አንቺ እህቷ ነሽ። የአይጥ ምስክር ድንቢጥ ነው የሚሉሽ። ቧንቧው ተበላሸ አለችኝ፣ እኔም ላግዛት ብዬ ነው ይላል። መልእክቱንም ያየ ሰው እንዴት ያለ ደግ አማች ብሎ ያመሰግነዋል።»

«እኔ ለክስ አልመጣሁም እትዬ ዳኛ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። «ማደሪያ ፈልጌ ነው። እሱ ዛሬ ቤቴ ይመጣል። ከተማው ውስጥ እሷ እጇን ታጥባ እሱ የማያውቅበት ቤት ያለው እዚህ ብቻ ነው። እናንተ ፈርማችሁ አስቀራችሁት። እኛን ፈርሙ ያለን የለም።»

ዳኛዋ ቀና አሉ። «መቃወም ትችሉ ነበር።»

«አልተከልም ያሉ ነበሩ። ውሃቸው ተቋረጠ፤ ተመልሰው ራሳቸው ትከሉልን ብለው ለመኑ።»

ልብስ ሰፊዋ የተናገረችውን ልትመልሰው ወደደች፤ ሰው ደጅ እየጠኑ እንዲህ አይባልም። ዳኛዋ ግን አልተቆጡም፤ ታናሿን ነበር የሚያዩት።

«ማደሪያው ይኸው» አሉ። «ኋላ ያለው ክፍል ባዶ ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። እዚህ ተደብቀሽ ከቀረሽ ያው እሱ እንደዘጋብሽ ነው። አንድ ቀን ትወጫለሽ፤ የምትወጪበትን መንገድ ከአሁኑ እናስብ። ባዕድ ሰው ባለበት፣ በገዛ አፉ፣ አይቻታለሁ ቢል ነበር የሚሻለው።»

ታናሿ ቀና አለች። «ይላል» አለች። «እሱ ማወቁን ካላሳወቀ እንቅልፍ አይወስደውም። የት እንዳለሁ ያወቀ ከመሰለው መጥቶ ይናገራል።»

«እንዴት ነው የሚመስለው?»

«አስተጣጠቡን ያስተማረችን አክስቴ ናት።»

ልብስ ሰፊዋ ወዲያው ገባት። ሁለቱንም ያሳደገቻቸው አክስታቸው ልጅነቷን ያሳለፈችው ውሃ በጀርባ በሚመጣበት አገር ነው። ሳሙና እየተቀቡ ውሃ ማፍሰስ እሷ ቤት ከስርቆት አይተናነስም። «የሚፈሰው ዕድሜሽ ነው» ትል ነበር፣ በሩን እየደበደበች። ርሰሽ ትዘጊያለሽ፤ ተቀብተሽ ትጨርሻለሽ፤ ከዚያ ነው የምትከፍቺው። አሁን አክስቲቱ የምትኖረው ከከተማው ማዶ ነው፤ እሷም ደጅ ላይ አዲሱ ቆጣሪ አለ። ነገር ግን ጉልበቷ መቆም እምቢ ካለ ወዲህ ማታ ማታ ወንበር ላይ ተቀምጣ በሳፋ ነው የምትታጠበው። ለስላሳው የአክስቲቱን መስመር ቢያይ የሳፋ ሙላት እንጂ ሌላ አያገኝም። ነገ ጠዋት ሻወር ሥር ብትቆም ግን የሚያየው ሚስቱን ነው።

«እሷ ከተስማማች እኔም እመጣለሁ» አሉ ዳኛዋ። «ሻይ ልጠጣ።»

ልብስ ሰፊዋ ቤቷ ስትደርስ ለስላሳው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጫማው ያበራል። መሣሪያ የያዘች ትንሽ ሻንጣ በእጁ አንጠልጥሏል።

«የት ጠፋሽ እትዬ?»

«ልብስ ላደርስ ሄጄ። ብዙ ቆየህ?»

«ለቤተሰብ ቢቆይ ምን አለበት።» የቆጣሪውን ክዳን ከፍቶ በመፍቻ አንድ ሁለቴ ነካ ነካ አደረገ፤ ከዚያም ስልኩን አውጥቶ ጀርባውን ሰጣትና ነካካው። ቤት ውስጥ ቧንቧው መንዶቅዶቅ ጀመረ። «ይኸው መጣልሽ። ውሃ ስጪኝ እስቲ፣ ጠምቶኛል።»

ተከትሏት ገባ። ክፍሉ አንድ ነው፤ የሚደበቅ ነገር የለውም። አልጋውን አየ፣ መጋረጃውን አየ፣ ስፌት መኪናውን በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ዓይኑ ገንዳው ውስጥ አረፈ። ውሃ ስለሌለ ያልታጠቡ ሁለት ስኒዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ልብስ ሰፊዋ ብርጭቆውን ሞልታ ሰጠችው።

«ሁለት» አለ።

«ባለ ብዙ ልጆቿ ጎረቤቴ መጥታ ነበር። ከልጆቿ ተደብቃ አንድ ስኒ ሻይ በሰላም ለመጠጣት ነው የምትመጣው።»

ውሃውን ቀስ እያለ ጠጣ። ሲጨርስ ብርጭቆውን ራሱ አለቀለቀ፤ ለአፍታ ከፈተ፣ ዘጋ። «እወዳታለሁ እኮ እትዬ» አለ። «የትም ብትሆን ደህና መሆኗን ማወቅ ነው የምፈልገው። ማወቅ ብቻ።» በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ ፈገግ አለላት። ከሄደ በኋላ ልብስ ሰፊዋ ሁለቱን ስኒዎች አጥባ ደበቀቻቸው።

አክስቲቱ በበኩሏ አንዴ ከተነገራት በኋላ ሌላ ማብራሪያ አልፈለገችም። «ሠርጉ ላይ ተናግሬ ነበር» አለች፤ በዚህ ነገሩ ሁሉ ተጠናቀቀ። በማግስቱ ገና ብርሃን ሲፈነጥቅ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ በልብስ ሰፊዋ ክንድ ተደግፋ ወደ መታጠቢያው ሄደች። ዳኛዋ ሳሎን ሶፋው ላይ ሻርፓቸውን አጣፍተው ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ለሙሽርነቴ እንኳ በዚህ ሰዓት አልታጠብኩም» ስትል ይሰማል ከውስጥ። ውሃው ተከፈተ። «እሳት ይብላውና እንዴት ይቀዘቅዛል!» ተዘጋ። ዝምታ። ሳሙናው ወደቀ፤ አክስቲቱ ሳሙናውን በአባቱ ስም ጠርታ ረገመችው። እንደገና ተከፈተ፤ እንደገና ተዘጋ። ልብስ ሰፊዋ ከበሩ ውጭ ቆማ ታዳምጣለች። እውነትም ዓይኑን የጨፈነ ሰው እህቷ ናት ነበር የሚለው። እሷም ራሷ እንዲሁ እንደምትታጠብ ትዝ ያላት ያኔ ነው። ለስላሳው የእሷንም ስንት ጠዋት ሲያይ ከርሟል?

ከዚያ ጠበቁ። አክስቲቱ ለብሳ ወጣች፤ እርጥብ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላለች። ዳኛዋ ሻያቸውን ጨርሰው ሌላ አስቀዱ። ዛሬ ባይሠራስ? ስልኩን ባያይስ? ልብስ ሰፊዋ በአእምሮዋ የምትለውን ውሸት እየሰፋች እየተረተረች ሳለች ውጭ መኪና ቆመ።

አንኳኳ፤ በኃይል ሳይሆን በጣቱ ጫፍ ነው። ልብስ ሰፊዋ ከፈተችለት።

«አንቺም እዚህ ነሽ» አለ። አልተገረመም። ገብቶ ለአክስቲቱ ጎንበስ አለ፤ «እንዴት አደሩ እማማ።» ለዳኛዋም ጎንበስ አለ።

«የልብስ ደንበኛዬ ናቸው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እንዴት አደሩ እናቴ። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ በማለዳ ረበሽኳችሁ። ሚስቴን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«ሚስትህን እዚህ ምን አመጣት?» አለች አክስቲቱ።

«እማማ፣ እንዲያው አይድከሙ። ገላዋን ታጥባ ስትጨርስ ነው ከቤት የተነሳሁት።»

ዳኛዋ ሲኒያቸውን ሳያስቀምጡ፣ የሰው ወሬ የጣማት ጎረቤት በሚመስል ድምፅ «ይሄ እንዴት ይታወቃል ልጄ?» አሉ።

ለስላሳው ፈገግ አለ። የሚያዳምጠው ሰው ማግኘቱ ደስ እንዳሰኘው ልብስ ሰፊዋ አየች። «ሥራዬ ነው እናቴ። የሰው ውሃ አከፋፈት እንደ አረማመዱ ነው፤ ካወቁት አይሳሳቱትም። እሷ ከጠፋች ጀምሮ የዘመዶቿን ቤት ሁሉ ስከታተል ነበር። የእህቷን፣ የጓደኞቿን፣ የእማማን። ትናንት እህቷ ቤት ነበረች፤ ስዘጋው ጊዜ ወደዚህ መጣች። ዛሬ ጠዋት ራሷ ናት፤ እርግጠኛ ነኝ።»

«አንተ ነህ የዘጋኸው?» አሉ ዳኛዋ።

«ለደህንነቷ ነው።»

አክስቲቱ በክርኗ ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሳች። ፎጣውን ከራሷ ላይ አወረደችው፤ ሽበቷ ትከሻዋ ላይ ወደቀ፣ ውሃው ወለሉን ነካ። «ስትታጠብ ያየሃት ሴት እኔ ነኝ» አለች። «ልጆቹን ማን ያሳደጋቸው መሰለህ? ደህና አይተኸኛል ወይ?»

ለስላሳው ወደ መታጠቢያው ሄደ፤ በሩን ገፋው። እርጥብ ወለል፣ አንድ ወንበር፣ የወደቀ ሳሙና። ሲመለስ ፊቱ አልተለወጠም፤ ጆሮዎቹ ግን ቀልተዋል።

«እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ችሎት ላይ ነው» አሉ ዳኛዋ፣ አሁን በራሳቸው ድምፅ። «አሁን የተናገርከውን በቃሌ ይዤዋለሁ። ስትጠየቅ ደግመህ ትለዋለህ?»

«ቀልድ ነው እናቴ። የቤተሰብ ነገር ነው።»

«ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ልጄ። ሂድ፣ ሥራህ ይረፍድብሃል።»

ወጣ። በልብስ ሰፊዋ አጠገብ ሲያልፍ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ማታ ውሃ መኖሩን አይልሻለሁ እትዬ» አላት።

ዳኛዋ ከዚያው በቀጥታ ወደ ውሃ መሥሪያ ቤቱ ሄዱ። ልብስ ሰፊዋ ከሰዓት በኋላ ላይኛው ሰፈር ስትደርስ እሳቸው ከመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ዘንድ ተመልሰው ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብለዋል፤ ታናሿ ድንች እየላጠች ነው።

«ከስክሪኑ ዛሬውኑ ያነሱታል» አሏት ዳኛዋ ታናሿን። «የእህትሽንም ውሃ እሱ እንዳይነካው ተደርጓል። ነገ አንቺ ሄደሽ ቃልሽን ትሰጫለሽ፤ ያለዚያ ነገሩ በማስጠንቀቂያ ይቀራል።»

ታናሿ ቢላዋውን አቆመች። «እሱ ሲነሳ ማን ይቀመጣል?»

«ሌላ ሠራተኛ ነዋ።»

«እሱስ ሚስት አለችው?»

ልብስ ሰፊዋ እህቷን በዓይኗ ጠቀሰቻት። ማደሪያ የሰጠ ሰው እንዲህ አይፈተንም፤ ገና ያቺን ክፍል ይፈልጓታል። ታናሿ ግን ያየቻት አይመስልም።

«ቃሌን እሰጣለሁ» አለች። «እስከ መጨረሻው እናገራለሁ። ግን ለዚህ ሰፈር የጻፉትን ለታችኛውም ይጻፉልን።»

«እኔ የታችኛው ሰፈር ነዋሪ አይደለሁም። በምን መብት እጽፋለሁ?»

«እኛ እንፈርማለን። እርስዎ ይጻፉት።»

ዳኛዋ በመስኮቱ ወደ ግቢያቸው ተመለከቱ። «እውነቱን ልንገርሽ» አሉ። «እናንተ ስታነሱት ላይኛው ሰፈርስ ለምን ቀረ የሚል ይመጣል። መሥሪያ ቤቱ ወይ ከሁሉም ደጅ ያነሳዋል፣ ወይ በሁሉም ደጅ ይተክለዋል። የሚቀለው ሁለተኛው ነው። እኔ ደጅም ይመጣል ማለት ነው። ጎረቤቶቼ ደጅም።»

«ያኔ ቆጣሪው እርስዎንም ስለሚያይዎት መሥሪያ ቤቶቹ ፈጥነው ያስተካክሉታል» አለች ታናሿ።

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጨፈነች። አሁን ከረጢታችሁን ያዙ የሚባልበት ሰዓት ነው ብላ ጠበቀች። ዳኛዋ ግን ተነስተው ቧንቧውን ከፍተው ብርጭቆ ሞሉ፤ ሳይጠጡት ያዙት።

«ነገ ቃልሽን ስትሰጪ ይህንንም ጨምሪው» አሉ። «ከጎንሽ እቀመጣለሁ። ጽሑፉን ደግሞ እናየዋለን።»

«ጎረቤቶችዎ አይወዱልዎትም» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«አይወዱልኝም።» ዳኛዋ ብርጭቆውን ታናሿ ፊት አስቀመጡላት። «በይ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ። መጀመሪያ የዘጋብሽ ቀን፣ እቤት ውስጥ ምን እየሠራሽ ነበር?»

ታናሿ እጇን በቀሚሷ ጠራረገችና ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች።